የጋይዳንስ ቢሮ ቁልፍ ለተሰጣችሁ፦ ተማሪ ከመጥፋቱ በፊት የማግኛ መንገድ

ቁልፉን የተቀበልኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከፍቼ ስገባ ሦስት የተሰበረ ዴስክ፣ ነፋስ የለቀቀ ኳስ፣ አይጥ የበላው የድሮ ሮስተርና ግማሽ ጆንያ ጠመኔ ጠበቀኝ። የሚያስቀምጥ ወንበር አንድ ብቻ። ርዕሰ መምህሩ ከኋላዬ ቆሞ «በል እንግዲህ፣ ያስቸገሩትን እልክልሃለሁ፤ ትመክራቸዋለህ» አለኝ።

ሥራው ምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። «መምከር» የሚለው ቃል ራሱ አሳስቶኝ ነበር። እኛ ዘንድ መምከር ማለት ትልቅ ሰው ይናገራል፣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል ማለት ነው። የተቸገረ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። ኅዳር ላይ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ የካቲት ላይ ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ከዚህ በታች የጻፍኩት በአብዛኛው ያን ልጅ ከመጥፋቱ በፊት እንዴት እንደምታገኙት ነው። ዘንድሮ አዲስ ለተመደባችሁ፣ ወይም ሳይኮሎጂ ሳትማሩ «አንተ ሰው ታናግራለህ» ተብላችሁ ቁልፉ ለተወረወረላችሁ።

1. ተማሪ ሳይገባ ሥራችሁን አስለዩ

ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ርዕሰ መምህሩን ግማሽ ሰዓት ጠይቁት። ቡና ላይ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ በአንዱ በኩል የምትሠሩት፣ በሌላው በኩል የማትሠሩት ይጻፍ። ከማትሠሩት ውስጥ ዋናው ቅጣት ነው። ያረፈደ ማንበርከክ፣ በር ላይ አርጩሜ ይዞ መቆም፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ መግባት፣ ሁሉም ይቅርባችሁ።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ሁን ስባል እሺ አልኩ። የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ተብዬ። ጥቅምት ላይ አንድ ልጅ መታገዱን የሚገልጽ ማስታወቂያ በዚያው በሚያምረው ጽሑፌ ጽፌ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ቀን እስከ ገና ድረስ በራሱ ፈቃድ ቢሮዬን ያንኳኳ ተማሪ አልነበረም። አንድም።

የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ እንዲደርሰው ይመክራል። ከሥራ ሰዓቱም 80 በመቶው ከተማሪዎች ጋርና ለተማሪዎች በሚሠራ ሥራ እንዲያልፍ ይላል። እኛ ጋ አንድ ሰው ለሺህና ከዚያ በላይ ነው፤ ያውም ሰው ከተገኘ። ይህን የማነሣው ሁሉንም በየተራ ቢሮ አስገብታችሁ ማናገር እንደማትችሉ ከወዲሁ እንድታውቁት ነው። ዓይን ያስፈልጋችኋል። የሆም ሩም መምህራን (የየክፍሉ ኃላፊዎች)፣ የክፍል አለቆች፣ ጥበቃው፣ ሻይ ቤቷ። በተለይ ጥበቃው። ማን እያለቀሰ እንደወጣ፣ ማንን ማን በር ላይ እንደሚጠብቃት እሱ ያውቃል።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ለማስቀየር ታገሉ። ሁለት እኩል ወንበር ይኑር።

2. ልጁ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ እወቁ

ጎጃም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ኑሮ ለመረዳት ከስንቅ ጀምሩ። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ልጅ ከተማ ቤት ይከራያል፤ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ይነሣል። ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚጓዝ ሞልቷል። እሑድ ማታ እንጀራውን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ሽሮና በርበሬውን በፌስታል፣ ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥሮ ይመለሳል። የሳምንቱን ትምህርት የሚማረው በዚያ ከረጢት ነው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሰኞና ማክሰኞ እጇን ቀድማ የምታወጣ ልጅ፣ ሐሙስና ዓርብ ዴስክ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። የሒሳብ መምህሯ «ሰነፍ ናት፣ ምከራት» ብሎ ላከልኝ። አስቀምጬ ስለ ትምህርት ጥቅም አሥር ደቂቃ ደሰኮርኩባት። አንገቷን ደፍታ «እሺ ቲቸር» አለች። ሐሙስ ደግማ ተኛች። የቀኑ ነገር ያልገባኝ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ነበር።

«እንጀራው እስከ ስንት ቀን ይቆይልሻል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እስከ ረቡዕ። ከዚያ ይሻግታል።»

ጊዜው መስከረም ነው፤ ዝናቡ ገና አልወጣም። የተከራየችው ክፍል ግድግዳው እርጥበት ይዟል። ሐሙስ ጧት ጥቂት ቆሎ፣ ዓርብ ውኃ። እንግዲህ የትኛው ምክር ነው ይህን የሚያነሣው? መፍትሔውን ያገኘነው ከእናቷና አብራት ከምትኖረው ልጅ ጋር ተነጋግረን ነው። እናቷ ግማሹን እንጀራ አድርቃ ድርቆሽ መላክ ጀመረች። የጓደኛዋ አባት ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይመጣል። ሁለቱ ስንቃቸውን ቀላቅለው የአንዷ እሑድ፣ የሌላዋ ሐሙስ እንዲገባ ተስማሙ። አንድ ብር አልወጣም። ልጅቷ ዓርብ መተኛቷን ተወች።

ስለዚህ በምዝገባ ሳምንት በሆም ሩም መምህራን በኩል ግማሽ ገጽ ወረቀት አስሞሉ። የእኔ ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፦

- ከሰኞ እስከ ዓርብ የምታድረው የት ነው? ከማን ጋር?
- ቤተሰብህ ጋ ለመድረስ በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል? መሐል ላይ ወንዝ አለ?
- ስንቅ ማን ያመጣል? በየስንት ቀኑ?
- የቤት ኪራይ የሚከፍለው ማን ነው?
- ማታ በምን ብርሃን ታጠናለህ?
- ሦስት ቀን ብትቀር ማን ጋ እንደውል?

ወንዙን የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ሰኔ ላይ፣ ሲወጣም መስከረም ላይ ወንዝ ሞልቶ ሰኞ የሚቀር ልጅ አለ። ያንን ከሰነፉ ጋር አብሮ መቅጣት ግፍ ነው።

ወረቀቶቹን ካነበባችሁ በኋላ ሠላሳ አርባ ስም ታወጣላችሁ። ብቻውን የሚኖር፣ ኪራዩን በጉልበት ሥራ ራሱ የሚከፍል፣ ወላጅ የሌለው፣ ዘመድ ቤት እንደ ሠራተኛ ሆና የምትማር። መጀመሪያ እነዚህን። ከአንዲት ሴት መምህር ጋር ሆናችሁ የኪራይ ሰፈሮቹን ዞራችሁ እዩ። የሴቶቹን ክፍል በር ተመልከቱ፤ ከውስጥ የሚቀረቀር ነገር አለው? ሽንት ቤቱ ከግቢ ውጪ ነው? ከአከራዮቹ ጋር ተዋወቁ፣ «እንደምን ዋሉ እናቴ» ብላችሁ ቡና ቢቀርብ ጠጡ። ስልካቸውን ያዙ። አከራይ ልጅቷ መታመሟንም፣ ዕቃዋን መሸከፏንም ከማንም በፊት ታውቃለች።

3. የአገሩን ወራት ግድግዳ ላይ ስቀሉ

ተማሪ የሚጠፋባቸው ወራት የታወቁ ናቸው። ገበሬው ያውቃቸዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይደነግጣል።

መስከረም ላይ ወንዶቹ ይዘገያሉ። በክረምት ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ የወረደ ልጅ አጨዳው ሳያልቅ አይመለስም። ለደብተርና ለጫማ የሚሆነውን ይዞ ነው የሚመጣው። ምዝገባ ተዘግቷል ብሎ መመለስ ያን ልጅ ለሚቀጥለው ሰሊጥ ማስረከብ ነው። ከሬከርድ ክፍሉ (ከተማሪ መዝገብ ቤቱ) ጋር አስቀድማችሁ ስለ ዘግይተው መጪዎች ተነጋገሩ። ከመጣ በኋላ ደግሞ ወባ ይዞት እንደሆነ ጠይቁት። ደጋ ያደገ ልጅ ከቆላ ሲመለስ ትኩሳቱን እንደ ጉንፋን ይቆጥረዋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው። ቢቸና በሉት አዴት ጤፉ ይታጨዳል፣ ቡሬ በኩል በቆሎው ይሰበሰባል። አባት ልጁን ይፈልገዋል፤ ያለ ልጅ የሚወቃ አውድማ የለም። እዚህ ላይ እኔና አንዳንድ መምህራን አንስማማም። እኔ በጽሑፍ የአራት ቀን ፈቃድ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ። አባትየው ፈርሞ ይወስዳል፣ የሚመለስበት ቀን ይጻፋል፣ የክፍል ጓደኛው ኖት ይይዝለታል። «ፈቃድ ብሎ ነገር የለም» የተባለ ልጅም መሄዱ አይቀርም። ልዩነቱ አፍሮ ሳይመለስ መቅረቱ ነው።

ጥር ሠርግ ነው፤ ራሱን የቻለ ክፍል ስለሚያስፈልገው ወደ ታች እመለስበታለሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙዎቹ እስከ ቅዳሴ ሰዓት ሳይቀምሱ ይማራሉ። ከባድ ፈተና ጧት ጧት እንዲሆን ጠይቁ፤ ይኸው ነው።

ከወሩ ሌላ የቀን ደንብ ይኑራችሁ። እኔ የሦስት ቀን ደንብ ነበረኝ። በተከታታይ ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ስም በአራተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። የሚያመጣው የክፍል አለቃው ነው። መጀመሪያ አብሮት የሚኖረው ልጅ ይጠየቃል፣ ከዚያ አከራይ፣ ከዚያ ስልክ። በሳምንት ውስጥ የተፈለገ ልጅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ወር ካለፈው ግን መመለሱ ሳይሆን ማፈሩ ይብስበታል።

4. ሲመጣ፣ አፋችሁን ያዙ

የጎጃም ልጅ ቢሮ ገብቶ «ተጨንቄያለሁ» አይልም። «ደህና ነኝ» ይላል። ሁለተኛ ስትጠይቁት «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ሦስተኛ ስትጠይቁት አይመጣም።

አገሩ የቅኔ አገር ነው። ነገር በሰም ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። «ቲቸር፣ አንዲት ጓደኛዬ አለች…» ካለች፣ ጓደኛዋ ራሷ ልትሆን እንደምትችል ልብ በሉ። ግን «አንቺ ነሽ አይደል?» ብላችሁ ሰሙን አትግፈፉባት። ስለ ጓደኛዋ አውሩ። «ጓደኛሽ ምን ቢደረግላት ደስ ይላታል?» በሉ። ስትዘጋጅ ራሷ ትገልጠዋለች፤ ባትገልጠውም መልሱን ይዛ ትሄዳለች።

መክፈቻው ጥያቄ ትንሽና የሚያውቀው ነገር ይሁን። «ዘንድሮ እናንተ ጋ ጤፉ እንዴት ነው?» «ስንቅ ማን አመጣልህ?» አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ አስታውሳለሁ፤ ከጥሩ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ወደ መጨረሻ የወረደ። ሃያ ደቂቃ ስለ በሬ አወራን። አንደኛው በሬያቸው እንደሞተ፣ አባቱ ከዘመድ እንደተዋሰ ነገረኝ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ውስጤ አንድ ነገር ተናገር ተናገር ይለኛል፤ ጥርሴን ነከስኩ። ግድግዳውን እያየ «ካሁን በኋላ እኔ ነኝ የምቀረው» አለ። ከወንድማማቾቹ አንዱ ትምህርት እንዲያቆም ቤት ውስጥ ተወስኖ ኖሯል። ዝምታውን በምክር ብሞላው ኖሮ ይህች ዓረፍተ ነገር አትወጣም ነበር።

«ምን ላድርግ?» ሲላችሁ ቶሎ አትመልሱ። «እስካሁን ምን ሞከርክ?» በሉት። ብዙ ጊዜ መልሱ ግማሽ መንገድ እሱ ዘንድ አለ።

«ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉ። ገና ከመጀመሪያው እንዲህ በሉ፦ «የምትነግሪኝ እኔ ጋ ይቀራል። ሦስት ነገር ሲሆን ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ራስሽን ልትጎጂ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ልትጎጂ ከሆነ፣ ወይም አንቺን የሚጎዳ ሰው ካለ። ያን ጊዜም ለማን እንደምናገር መጀመሪያ ላንቺ ነው የምነግርሽ።» ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በሻይ መሐል የተነገረች አንዲት ወሬ የዓመት ሥራ ታፈርሳለች። ሁሉም ሰው «ልጅቷ ምን ሆና ነው?» ይላችኋል። «እየተነጋገርን ነው» በሉና ስኳር ጨምሩ።

የምትጽፉበትን ደብተር ቁልፍ ባለው ሳጥን ያዙ። ስም አይጻፍ፤ ቁጥር ይበቃል። ወንድ ከሆናችሁ ሴት ተማሪ ስታናግሩ በሩ ገርበብ ይበል፤ ድምፅ የማይሰማበት፣ ሰው ግን የሚያይበት ያህል። አንዳንድ ነገር ደግሞ ለሴት ባልደረባ ይተውላት። የወር አበባ ስትሆን የምትቀር ልጅ ለእናንተ «ሆዴን አሞኝ» ነው የምትለው። ሞዴስ በዚያች መምህር መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ሴቶቹ ብቻ ይወቁ።

5. የሠርግ ወሬ ስትሰሙ

ወሬው የሚመጣው ከጓደኞቿ ነው፤ ብዙ ጊዜ ታኅሣሥ ውስጥ። «ለጥር ሊድሯት ነው።»

ሕጉን እወቁ። የክልሉም የፌዴራሉም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት ያደርጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። ሕጉን ግን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት እንጂ ደጃፍ ላይ አትምዘዙት። በመጀመሪያው ቀን «ትታሰራላችሁ» ያላችሁት አባት በማግሥቱ ልጁን ዘመድ ጋ ያሸሻታል። ሠርጉም በክርስትና ወይም በዝክር ስም ይደረጋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን፦ መጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን ጠይቋት። ምን ትፈልጋለች? ማን እንደተናገረ እንዲታወቅባት ትፈራለች? የጓደኞቿም ስም ከአፋችሁ አይውጣ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን መዝገብ አውጡ። ቤተሰብ «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ማለቱ አይቀርም፤ አንደኛ ክፍል የገባችበት ዓመትና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተን የተሞላው ዕድሜ ግን ተጽፎ ተቀምጧል። ከዚያ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሳውቁ። ወደ ቤት ብቻችሁን አትሂዱ። ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አንድ የተከበሩ ሰው፣ ከተቻለም የቤተሰቡን የንስሐ አባት ይዛችሁ ሂዱ።

እዚያ ስትደርሱ ያባትን ክብር አትንኩ። ልጁን የሚጠላ አባት ጥቂት ነው። «ለወግ ለማዕረግ ላብቃት» ነው የሚለው። ከተማ ብቻዋን ተከራይታ አንድ ነገር ትሆንብኛለች ብሎም ይፈራል፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። ስለዚህ መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ከማን ጋር እንደምትኖር፣ የአከራይዋን ስልክ፣ በየስንት ቀኑ እንደምትደውሉላቸው። አንድ ጊዜ ነገሩን የፈታችው አያቷ ናት። ጥግ ላይ ጥጥ እየፈተለች ስትሰማ ቆይታ «እኔን በዘጠኝ ዓመቴ ነው የዳራችሁኝ፤ ይብቃ» አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ምግብ ቀረበ።

በሽምግልና ካልተቋጨ፣ ቀኑም ከደረሰ፣ ያን ጊዜ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። አታመንቱ።

6. ማጥናት የማያውቀውን ማጥናት አሳዩት

ዘጠነኛ ክፍል ትልቁ ገደል እንግሊዝኛ ነው። በአብዛኛው በአማርኛ ሲማር የኖረ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ታሪኩም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። «ድንጋይ ራስ ሆንኩ» ብሎ የሚመጣው ያኔ ነው። ድንጋይ እንዳልሆነ ንገሩት። ለየትምህርቱ በቀን አምስት ቃል ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር የሚጽፍበት ትንሽ ደብተር ያዘጋጅ። በወር ከመቶ ቃል በላይ ነው።

ልጆቹ አጠናሁ ሲሉ ኖቱን አራት ጊዜ አነበብኩ ማለታቸው ነው። እያዩ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ፈተና ላይ ግን ይከዳል። ደብተሩን ዘግቶ ያስታወሰውን በባዶ ወረቀት መጻፍ፣ የጎደለውን ከፍቶ ማየት፣ ከሁለት ቀን በኋላ መድገም፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ መድገም ይበልጣል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አትሂዱ። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ካላችሁ፣ በጎጃም ደግሞ አይጠፋም፣ ተነሥቶ ያስረዳ። ዳዊቱን በቃሉ የያዘው ማታ ማታ ሳያይ እየደገመ፣ መምህሩ እያረመው ነው። ክፍሉ በሙሉ ይገባዋል። ያ ልጅም «የቆሎ ተማሪ» እያሉ ሲያሾፉበት ከርመው በዚያች ቀን ራሱን ቀና ያደርጋል።

አሥረኛ ሲያልቅ የናቹራልና የሶሻል ምርጫ ይመጣል። «ጎበዝ ናቹራል፣ ሰነፍ ሶሻል» የሚለውን ተረት በተቻላችሁ መጠን አፍርሱት። ሦስት ነገር አስይዟቸው፦ የሁለት ዓመት ውጤት በየትምህርቱ፣ ሳይታዘዝ የሚያነበው የትኛውን እንደሆነ፣ ከየትኛው መስመር ምን ምን ሙያ እንደሚወጣ። ጓደኛውን ተከትሎ የሚመርጠውን ወደ ቤት መልሱትና ሰኞ ይምጣ።

7. 12ኛ ክፍልን ከውጤቱ በፊት አናግሩ

ቁጥሩን አትደብቋቸው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ብዙኃኑ አላለፈም ማለት ነው። እናም ሁለተኛው መንገድ የውድቀት ማስታገሻ ሆኖ ከውጤት በኋላ መነገር የለበትም። ግንቦት ላይ፣ ሁሉም ገና ተስፋ ሳለው፣ ሪሚዲያል (ማለፊያ ያላመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወስደው ማካካሻ ትምህርት) ምን እንደሆነ፣ በግል ድጋሚ መፈተን እንዴት እንደሆነ፣ ቴክኒክና ሙያ ምን እንደሚያስተምር ንገሯቸው። ከተቻለ ቴክኒክና ሙያ ጨርሶ የራሱን ብረታ ብረት ቤት የከፈተ የከተማውን ልጅ አምጡት። ከእናንተ ስብከት የእሱ እጅ ይበልጣል።

ለጉዞውም አዘጋጁ። ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ ርቆ፣ በማያውቀው ግቢ፣ በማያውቀው ዶርም ሊያድር ነው። ስልክ አይገባም። ብርድ ልብስ፣ መታወቂያ፣ የአድሚሽን ካርድ፣ ሁለት እርሳስ፣ ዳቦ ቆሎ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ዕቃ ሸክፈው እንዲመጡ አድርጌ ፈትሼ ነበር። ግማሹ እርሳስ አልያዘም።

ውጤት ሲለቀቅ፣ ብዙ ጊዜ ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት ተገኙ። ልጁ ስልክ ከፍቶ ቁጥሩን ያያል፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ዝም ያለውን፣ ዕቃውን ለጓደኛ የሚያድለውን፣ «ከእንግዲህ አታገኙኝም» የሚለውን ቀረብ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይልቅ ያቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተውት። በቤቱ ያለ የእርሻ መድኃኒት ዛሬውኑ ከእጁ ይራቅ። ቤተሰብ ይጠራ፣ ወደ ጤና ተቋም አብራችሁ ሂዱ።

8. ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከከረመ በኋላ የመጡትን

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ ጎጃምም ከባሰባቸው አንዱ ነው። ስለዚህ 12ኛ መሆን የነበረበት ልጅ አሥረኛ ክፍል፣ ከታናሽ እኅቱ ጎን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ጺም ያበቀለ። በር ሲወረወር የሚደነግጥ።

የት ከርመህ ነው፣ ከማን ጋር ነበርክ ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ለእናንተም ለእሱም አይጠቅም፣ ሊጎዳም ይችላል። ደብተራችሁ ላይም እንዲህ ያለ ነገር አይስፈር። ክፍሉ ሁሉ ፊት አስቁማችሁ «ያየኸውን ተናገር» አትበሉ። ልጁን የሚያረጋጋው የታወቀ ነገር ነው፦ በሰዓቱ የሚደወል ደወል፣ በሰዓቱ የሚገባ መምህር፣ ከሰዓት ኳስ። ፈተና ካለ አስቀድሞ ይነገረው። በድንገት የሚቆጣውን ልጅ መምህሩ ወደ ውጭ አውጥቶ ውኃ እንዲጠጣ ያድርግ፣ አይምታው። የከረመ ትምህርቱን በቱቶሪያል ማካካስ ይቻላል። ዕድሜው የገፋው «ከሕፃን ጋር አልማርም» ካለም የማታውን መርሐ ግብር አሳዩት፤ የማታ ተማሪ መሆን ከማቋረጥ ይሻላል።

9. ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን

ለሳምንታት የማይተኛ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መብላት የተወ ልጅ የሐኪም ነው። የአእምሮ ሕክምና በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም፣ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም አለ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ጸበል ሊወስደው ይችላል። አትጣሉ። «ጸበሉን ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ» በሏቸው፤ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን አባ ራሳቸው ቢናገሩ ደግሞ የተሻለ ይሰማል።

ተደፍሬያለሁ ያለች ልጅ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ትድረስ። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ልብሷን አታጥብ። ነገሩን ለአምስት ሰው አታስደግሟት።

10. ሰኔ ላይ

የሴሚስተር ሪፖርት ትጠየቃላችሁ። «ለ412 ተማሪዎች ምክር ተሰጥቷል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኔ የምጽፈው ሌላ ነው፦ ስንት ልጅ ሦስት ቀን ቀረ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ያልተመለሰው በምን ምክንያት። ጽሕፈት ቤቱ ቁጥሩ አነሰ ብሎ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል። ያጨማድድ።

የተናጠል ደብተራችሁን ለሚቀጥለው ሰው አታስረክቡ፤ አቃጥሉት። የምታስረክቡት አንዲት ገጽ ናት። መስከረም ላይ ላይመለሱ ይችላሉ የምትሏቸው ልጆች ስም፣ ቀበሌያቸው፣ የሚደወልበት ስልክ። ምክንያቱ አይጻፍ። ገጹን አጥፋችሁ ከቁልፉ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጉት። ፖስታው ላይ «በምዝገባ የመጀመሪያ ሳምንት ይደወል» ብላችሁ ጻፉበት።